ዜሮውን ማን አመጣው? ሊሚት ሲያስቸግር አልጀብራውን ማቃለል

ክረምት ላይ ጎንደር ውስጥ ማስጠናት ይከብዳል። ቤቴ ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲጀምር አጠገቤ የተቀመጠ ልጅ እንኳ ድምፄን አይሰማም። ስለዚህ መናገሩን ትቼ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ። ተማሪዎቼም ደብተራቸው ላይ ይጽፋሉ። የተሳሳተ ነገር ሳይ በእስክሪብቶ አከብበዋለሁ። እስካሁን ከሁሉ አብልጬ ያከበብኩት 0/0ን ነው።

የ12ኛ ክፍልና የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎችን ሳስጠና ብዙ ዓመት ሆኖኛል። "ቲቸር፣ ካልኩለስ ከበደኝ" ብለው ይመጣሉ። ደብተራቸውን ስገልጥ የሊሚት ሐሳቡ ገብቷቸዋል። መጠጋት ማለት ምን እንደሆነ ያውቃሉ። የሚሰናከሉት 9ኛ ክፍል የተማሩት አልጀብራ ላይ ነው፤ ፋክተር ማድረግ (አንድን አገላለጽ እንደ ብዜት አድርጎ መጻፍ)፣ ክፍልፋይ መቀነስ፣ ቅንፍ መፍታት። እዚያ ላይ ያለው ክፍተት ከተደፈነ ሊሚቱ በራሱ ይሄዳል። በሁለት ሳምንት ውስጥ የተለወጡ ልጆች አይቻለሁ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ። ትምህርት ቤት ኤክስ የምንለውን እዚህ "ቀ" እያልኩ እጽፋለሁ። "ሊም (ቀ→4)" ስል "ቀ ወደ 4 ሲጠጋ ቀጥሎ የተጻፈው ወደ ስንት ይጠጋል?" ማለቴ ነው፤ ያ ቁጥር ሊሚት ይባላል። ከክፍልፋዩ መስመር በላይ ያለውን ላዕል፣ ከታች ያለውን ታህት እላለሁ። እስክሪብቶና ወረቀት ይዛችሁ አንብቡ። ዝም ብሎ የተነበበ ሒሳብ አይገባም።

መጀመሪያ ተኩ

ምንም ከማቃለላችሁ በፊት ቁጥሩን ተኩ። ሁልጊዜ።

ሊም (ቀ→3) (ቀ² + 1)/(ቀ − 2)

3ን ስትተኩ ላይ 10፣ ታች 1 ይመጣል። መልሱ 10 ነው። አለቀ። ሊሚት ባየ ቁጥር ፋክተር ማድረግ ግዴታ የሚመስለው ተማሪ ግን ቀ² + 1 ላይ ሩብ ሰዓት ያጠፋል። ቀ² + 1 በሪል ቁጥሮች ፋክተር አይደረግም። ፈተና ላይ ያቺ ሩብ ሰዓት ብዙ ናት።

ስትተኩ ታህቱ ዜሮ ካልሆነ የመጣው ቁጥር መልሱ ነው። ላዕሉ ዜሮ ቢሆንም መልስ ነው፤ 0/10 ዜሮ ነው። ታህቱ ዜሮ ሆኖ ላዕሉ ዜሮ ካልሆነ፣ ለምሳሌ (ቀ + 2)/(ቀ − 2) ላይ 2ን ስትተኩ 4/0 ሲመጣ፣ ማቃለል አያድናችሁም። ቀ ወደ 2 ሲጠጋ ክፍልፋዩ ከቀኝ በኩል ያለ ገደብ ያድጋል፤ ከግራ በኩል ያለ ገደብ ወደ ታች ይወርዳል። ሊሚት የለውም። ሁለቱም ዜሮ ከሆኑ ግን ሥራው ገና መጀመሩ ነው።

እዚህ ላይ የራሴን ታሪክ ልንገራችሁ። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ሚድ ፈተና ላይ ሦስት የሊሚት ጥያቄ መጣ። ሦስቱንም ተካሁ። ሦስቱም 0/0 ሆኑ። ሦስቱም ላይ "ሊሚት የለውም" ብዬ ጽፌ ወጣሁ። ውጤት ሲለጠፍ ዶርም ገብቼ ተኛሁ። ማታ መብራት ሄደ። የሦስተኛ ዓመት ተማሪ የሆነች ልጅ ሻማ ይዛ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ወረቀቴን ተቀበለችኝ። ብዙ አየችው። ከዚያ፣ "እሺ፣ ዜሮውን ማን አመጣው?" አለችኝ።

አልገባኝም።

"ላይም ዜሮ፣ ታችም ዜሮ አምጥተሻል። ሁለቱንም ዜሮ ያደረገ አንድ ነገር ውስጡ አለ። ፈልጊና አውጪው።"

ያን ማታ ሦስቱንም ጥያቄዎች ሠራናቸው። ዛሬም ተማሪዎቼን የምጠይቃቸው እሱኑ ነው። ዝናብ ሲሆን አፌን አልከፍትም፤ በጣቴ ዜሮውን ብቻ አሳያለሁ። ያውቁታል።

0/0 ራሱ ምንም አልነገረንም። ቀ ወደ 0 ሲጠጋ እነዚህን ሦስቱን እዩ፤ 7ቀ/ቀ፣ ቀ²/ቀ፣ ቀ/ቀ²። ሦስቱም ላይ 0ን ብትተኩ 0/0 ነው። የመጀመሪያው ሊሚት 7 ነው። የሁለተኛው 0 ነው። ሦስተኛው ሲቃለል 1/ቀ ስለሚሆን ሊሚት የለውም። ስለዚህ "0/0 እኩል ይሆናል 0" ወይም "እኩል ይሆናል 1" ብሎ መጻፍ ስህተት ነው። "የለውም" ማለትም ገና ሳያዩ መፍረድ ነው።

ዜሮው የሚነግራችሁ ፍንጭ

አሁን ዋናውን ምሳሌ እንሥራ።

ሊም (ቀ→4) (ቀ² − ቀ − 12)/(ቀ − 4)

ተኩ፤ 16 − 4 − 12 = 0። ታችም 0። ዜሮውን ማን አመጣው? ታች ያለው ግልጽ ነው፤ ቀ − 4 ነው። ላይ ያለውስ?

ይህን አንዴ ከያዛችሁት ዕድሜ ልክ ያገለግላችኋል። 4ን ስትተኩ ፖሊኖሚያሉ (እንደ ቀ² − ቀ − 12 ያለው) ዜሮ ከሆነ፣ (ቀ − 4) የዚያ ፖሊኖሚያል ፋክተር ነው። ያለ ጥርጥር። ይህ የፋክተር ቲዎረም ነው፤ ቀደም ባሉት ክፍሎች ተምራችሁታል። ስለዚህ ቀ² − ቀ − 12ን ከባዶ ተነስታችሁ "ተባዝተው −12፣ ተደምረው −1 የሚሰጡ ሁለት ቁጥሮች" እያላችሁ መጨነቅ የለባችሁም። አንዱን ፋክተር ዜሮው ራሱ ነግሯችኋል። እንዲህ ጻፉ፤

(ቀ − 4)(ቀ + ?)

የመጨረሻው ቁጥር −12 ነው። −4 በስንት ቢባዛ −12 ይሆናል? በ3። አለቀ፤ (ቀ − 4)(ቀ + 3)።

ሊም (ቀ→4) (ቀ − 4)(ቀ + 3)/(ቀ − 4) = ሊም (ቀ→4) (ቀ + 3) = 7

ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ ወደ 4 የተጠጋ ቁጥር ወስዳችሁ የመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ተኩ። በ3.9 ላይ −0.69/−0.1 ይሆናል፤ 6.9 ማለት ነው። በ3.99 ላይ 6.99 ነው። በ4.01 ላይ 7.01 ነው። ከሁለቱም በኩል ወደ 7 ይመጣል። ይህን ማረጋገጫ በስልካችሁ ካልኩሌተር መሥራት ትችላላችሁ። አንድ ደቂቃ አይፈጅም። እኔ ለእያንዳንዱ አዲስ ዓይነት ጥያቄ ቢያንስ አንድ ጊዜ አሠራቸዋለሁ፤ ምክንያቱም መልሱን በዓይኑ ያየ ልጅ አይረሳውም።

"ማጣፋት የሚፈቀደው ለምንድን ነው?"

ይህን ጥያቄ ከሃያ ተማሪ አንዱ ቢጠይቀኝ ነው፤ ሲጠየቅ ደስ ይለኛል። ቀ − 4 ዜሮ ከሆነ በዜሮ ማካፈል አይቻልም። ታዲያ እንዴት አጣፋነው?

የግቢያችን አጥር የድንጋይ ካብ ነው። አምና ከካቡ አናት፣ ከመሐል፣ አንድ ድንጋይ ወደቀ። ቦታው ክፍት ነው። ግን በግራና በቀኝ ያሉትን ድንጋዮች ያየ ሰው፣ የወደቀው ድንጋይ ቁመቱ እስከ የት ይደርስ እንደነበር በጣቱ ያሳያችኋል። ድንጋዩ እዚያ መኖሩ አያስፈልገውም። ጎረቤቶቹ ይነግሩታል።

ሊሚትም ጎረቤቶቹን ነው የሚጠይቀው። ቀ ወደ 4 ይጠጋል እንጂ 4 ላይ አይቆምም። 3.9 ላይ ቀ − 4 ዜሮ አይደለም። 3.99999 ላይም አይደለም። ስለዚህ በምንመለከታቸው ቦታዎች ሁሉ ቀ − 4 ዜሮ ያልሆነ ቁጥር ነው፤ ዜሮ ያልሆነን ቁጥር ደግሞ ከላይና ከታች ማጣፋት ይፈቀዳል። (ቀ² − ቀ − 12)/(ቀ − 4) እና ቀ + 3 ከ4 በቀር በሁሉም ቦታ እኩል ናቸው። የመጀመሪያው ግራፍ 4 ላይ አንድ ቀዳዳ አለው፤ ሁለተኛው የለውም። ሌላ ልዩነት የላቸውም።

ከዚህ የሚመጣ አንድ የአጻጻፍ ደንብ አለ፤ በጣም የማጠብቀው ደንብ ነው። ቁጥሩን እስክትተኩ ድረስ "ሊም" የሚለውን ቃል በየመስመሩ ጻፉ። ከተካችሁ በኋላ አትጻፉ። "ሊም" ሳይጻፍ ክፍልፋዩን ከ7 ጋር እኩል ካደረጋችሁት የጻፋችሁት ነገር እውነት አይደለም፤ ክፍልፋዩ 4 ላይ ዋጋ የለውም። ፈተና የሚያርም ሰው በዚህ ነጥብ ቢቀንስ ትክክል ነው።

ዜሮው ሁለት ጊዜ ሲመጣ

ሊም (ቀ→2) (ቀ³ − 3ቀ² + 4)/(ቀ² − 4ቀ + 4)

ተኩ፤ 8 − 12 + 4 = 0፣ 4 − 8 + 4 = 0። ዜሮውን ያመጣው ቀ − 2 ነው። ላዕሉን በቀ − 2 ብታካፍሉት ቀ² − ቀ − 2 ይቀራል። ታህቱ (ቀ − 2)(ቀ − 2) ነው። አንዱን አጣፉ፤

ሊም (ቀ→2) (ቀ² − ቀ − 2)/(ቀ − 2)

እንደገና ተኩ። እንደገና 0/0! ብዙ ልጅ እዚህ ላይ ተስፋ ይቆርጣል። "ተሳስቻለሁ" ብሎ ገጹን በሙሉ ይሰርዛል። አልተሳሳታችሁም። ያው ቀ − 2 ሌላ ቦታም ተደብቆ ነበር። ላዕሉን (ቀ − 2)(ቀ + 1) አድርጉና አጣፉ። ቀ + 1 ይቀራል። መልሱ 3 ነው።

ካጣፋችሁ በኋላ ሁልጊዜ እንደገና ተኩ። ከላይ ወይም ከታች አንዱ ዜሮ መሆኑን እስኪያቆም ድረስ ቀጥሉ።

ሥር ሲኖር

ከሁሉም በላይ እዚህ ላይ ነው ጊዜ የማጠፋው። ስኩዌር ሩት ሲኖር ፋክተሩ በዓይን አይታይም።

ሊም (ቀ→9) (√(ቀ + 7) − 4)/(ቀ − 9)

ተኩ፤ √16 − 4 = 0። ታችም 0። ቀ − 9 ታች ቁጭ ብሏል። ላይ ግን የት አለ? ሥሩ ውስጥ ተደብቋል። ለማውጣት ሥሩን ማንሳት አለብን። ሥሩን የሚያነሳው ኮንጁጌቱ ነው፤ ያው ሁለት ተርም (በመደመር ወይም በመቀነስ የተያያዙ ክፍሎች)፣ መሐላቸው ያለው ምልክት ግን የተገለበጠ። እዚህ √(ቀ + 7) + 4 ነው። ላይና ታች በእሱ አባዙ። ላይና ታች በአንድ ነገር ስታባዙ በ1 ማባዛታችሁ ስለሆነ ዋጋው አይለወጥም።

ላዕሉ የሁለት ስኩዌሮች ልዩነት ይሆናል፤ (ቀ + 7) − 16። ይህ ቀ − 9 ነው። መጣ! ደብቆት የነበረው ሥር ሲነሳ ቀ − 9 ወጣ።

ሊም (ቀ→9) (ቀ − 9)/[(ቀ − 9)(√(ቀ + 7) + 4)] = ሊም (ቀ→9) 1/(√(ቀ + 7) + 4) = 1/8

እዚህ ላይ ሦስት ስህተት ደጋግሜ አያለሁ።

አንደኛው ታህቱን መፍታት ነው። (ቀ − 9)(√(ቀ + 7) + 4)ን ተርም በተርም አባዝተው አራት ረጅም ተርም ያወጣሉ። ከዚያ ቀ − 9 ይጠፋባቸዋል። መጀመሪያ ሥሩ የነበረበትን ወገን ብቻ ፍቱ። ሌላውን ወገን በቅንፉ ተዉት። ልታጣፉት የምትፈልጉትን ነገር አትበትኑት።

ሁለተኛው √(ቀ + 7)ን √ቀ + √7 ማድረግ ነው። ይህ እውነት አይደለም። በቁጥር ሞክሩት፤ √(9 + 16) = √25 = 5 ነው። √9 + √16 ግን 3 + 4 = 7 ነው። ሥር ማባዛት ላይ ይከፋፈላል፤ መደመር ላይ አይከፋፈልም።

ሦስተኛው የኮንጁጌትን ምልክት የተሳሳተ ቦታ መገልበጥ ነው። የሚገለበጠው በሁለቱ ተርሞች መሐል ያለው ምልክት ነው። √(ቀ − 7) + 4 ብሎ የጻፈ ልጅ ሥሩ ውስጥ ገብቶ ነክቷል። ሥሩ ውስጥ ያለው አይነካም።

ክፍልፋይ በክፍልፋይ ላይ

ሊም (ቀ→5) (1/ቀ − 1/5)/(ቀ − 5)

ይህን ሲያዩ ብዙዎቹ ፊታቸው ይጨልማል። ሥራው ግን 6ኛ ክፍል የተማራችሁት ነው፤ የጋራ ታህት ፈልጎ መቀነስ። ሌላውን ለጊዜው እርሱትና ላዕሉን ብቻ ሥሩ።

1/ቀ − 1/5 = (5 − ቀ)/(5ቀ)

በቀ − 5 ማካፈል በ1/(ቀ − 5) ማባዛት ነው። ስለዚህ (5 − ቀ)/[5ቀ(ቀ − 5)] ይሆናል። አሁን 5 − ቀ እና ቀ − 5ን እዩ። አንድ ይመስላሉ፤ አንድ አይደሉም። አንዱ የሌላው ኔጌቲቭ ነው። 5 − ቀ = −(ቀ − 5)። ስታጣፉ −1 ይቀራል።

ሊም (ቀ→5) −1/(5ቀ) = −1/25

ያቺ −1 የብዙ ልጅ ነጥብ በልታለች። ኔጌቲቩን መጀመሪያ አውጡና ለብቻው ጻፉት፤ ከዚያ አጣፉ። በአንድ መስመር ሁለት ነገር አትሥሩ።

ይህ ሁሉ ለምን?

የእህቴ ልጅ አንድ ቀን ማታ እርሳሷን ጣል አድርጋ፣ "አክስቴ፣ ይሄ ቀዳዳ ያለው ፋንክሽን በእውነተኛ ሕይወት የት አለ?" አለችኝ። ጥሩ ጥያቄ ነበር። እንዲህ መለስኩላት።

ከፋሲል ግንብ ማማ ላይ ድንጋይ ተለቀቀ እንበል፤ በሐሳብ ብቻ። በ"ተ" ሴኮንድ ውስጥ የወደቀው ርቀት በግምት 5ተ² ሜትር ነው። ልክ 2ኛው ሴኮንድ ላይ ፍጥነቱ ስንት ነው? ፍጥነት ርቀት ሲካፈል በጊዜ ነው። ግን በአንዲት ቅጽበት ውስጥ ያለፈው ጊዜ ዜሮ ነው፤ የተጓዘው ርቀትም ዜሮ ነው። 0/0! ድንጋዩ ግን ፍጥነት አለው፤ ያረፈበት ሰው ያውቀዋል። ስለዚህ ከ2ኛው ሴኮንድ በኋላ ጥቂት ጊዜ "ሀ" እንጨምርና ሀን ወደ ዜሮ እናስጠጋ።

ሊም (ሀ→0) [5(2 + ሀ)² − 20]/ሀ

ቅንፉን ፍቱ፤ (2 + ሀ)² = 4 + 4ሀ + ሀ²። በ5 ሲባዛ 20 + 20ሀ + 5ሀ² ነው። 20 ሲቀነስ 20ሀ + 5ሀ² ይቀራል። ሁለቱም ተርም ውስጥ ሀ አለ። ዜሮውን ያመጣው እሱ ነው። አውጡት፤ ሀ(20 + 5ሀ)/ሀ። አጣፉ፤ 20 + 5ሀ። ሀ ወደ 0 ሲጠጋ 20 ይሆናል። በሴኮንድ 20 ሜትር።

ቀጣዩ ምዕራፍ ላይ የምትማሩት ዴሪቬቲቭ ይህ ነው። ሁሉም ዴሪቬቲቭ ከትርጉሙ ሲነሳ 0/0 ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ የምታጠፉት ሳምንት ለሚቀጥለው ወር የተቀመጠ ስንቅ ነው።

እዚህ ያለው ትልቁ ስህተት (2 + ሀ)²ን 4 + ሀ² ማድረግ ነው። መሐል ያለው 4ሀ ይረሳል። 4ሀ ከጠፋ ፍጥነቱ 0 ሆኖ ይወጣል፤ እየወደቀ ያለ ድንጋይ ቆመ ማለት ነው። መልሱ ትርጉም ካልሰጠ ወደ ቅንፉ ተመለሱ።

ተርም አይጣፋም፣ ፋክተር ይጣፋል

ይህን በትልቁ ጽፌ ግድግዳዬ ላይ ለጥፌዋለሁ። (ቀ + 6)/(ቀ + 2) ላይ የላይኛውን "ቀ" ከታችኛው "ቀ" ጋር አጣፍቶ 6/2 = 3 ብሎ የሚጽፍ ልጅ በየዓመቱ አለ። ቀ = 10 አድርጉና ፈትኑት፤ 16/12 ነው እንጂ 3 አይደለም። ሊጣፋ የሚችለው ላዕሉን በሙሉና ታህቱን በሙሉ የሚያባዛ ነገር ብቻ ነው። በመደመር ወይም በመቀነስ የተያያዘ ነገር አይጣፋም። ጥርጣሬ ከገባችሁ አንድ ቀላል ቁጥር ተክታችሁ ከማጣፋቱ በፊትና በኋላ ያለውን አወዳድሩ። ካልገጠመ ስህተት ነው።

ፍጹም ዋጋ ሲኖር

ሊም (ቀ→1) |ቀ − 1|/(ቀ − 1) 0/0 ነው፤ ግን ዝም ብሎ አይጣፋም። ከ1 በቀኝ በኩል ከመጣችሁ |ቀ − 1| ራሱ ቀ − 1 ነው፤ ክፍልፋዩ 1 ይሆናል። ከግራ ከመጣችሁ −(ቀ − 1) ነው፤ ክፍልፋዩ −1 ይሆናል። ተማሪዎቼን እንዲህ እላቸዋለሁ፤ አንዱ ሰው ከአዘዞ በኩል መጣ፣ ሌላው ከዳባት በኩል መጣ። ሁለቱም ፒያሳ አንድ ቦታ ላይ ከተገናኙ ሊሚት አለ። አንዱ ፒያሳ፣ ሌላው ማራኪ ሰፈር ከቆመ ሊሚት የለም። እዚህ አልተገናኙም። ፍጹም ዋጋ ባያችሁ ቁጥር መንገዱን ለሁለት ክፈሉት።

ስለ ሎፒታል

"ቲቸር፣ ሾርት ከት አለ አሉ" የሚለኝ ልጅ አይጠፋም። አለ። የሎፒታል ሕግ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1696 በፈረንሳዊው ሎፒታል መጽሐፍ ውስጥ ታተመ፤ ያገኘው ግን የስዊዘርላንዱ ዮሃን በርኑሊ ነው። ላዕሉንና ታህቱን ለየብቻ ዴሪቬቲቭ አድርጎ መተካት ነው። ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ዴሪቬቲቭ በደንብ ከተማራችሁ በኋላ ተጠቀሙበት። አሁን ግን አልፈቅድም። ምክንያቴ ሁለት ነው። የድንጋዩ ምሳሌ ላይ ገና ዴሪቬቲቭ እየፈለግን ነው፤ የምንፈልገውን ነገር እንዳገኘን ቆጥረን ልንጠቀምበት አንችልም። ሌላው ደግሞ ሕጉን ከስልክ ላይ ብቻ የያዘ ልጅ 0/0 መሆኑን ሳያይ ይጠቀማል። የመጀመሪያውን ምሳሌ አስታውሱ፤ (ቀ² + 1)/(ቀ − 2) ቀ ወደ 3 ሲጠጋ 10 ነበር። እዚያ ላይ ሎፒታልን ብትጠቀሙ 2ቀ/1 ሆኖ 6 ይወጣል። ስህተት ነው። 0/0 ስላልሆነ ሕጉ እዚያ አይሠራም።

ጥያቄውን ፎቶ አንስቶ የሚፈታ አፕም አለ። ቤት ከሠራችሁ በኋላ መልስ ለማመሳከር ተጠቀሙበት። ከመሥራታችሁ በፊት አትክፈቱት። የፈተና አዳራሽ ውስጥ ያላችሁት እስክሪብቶ ብቻ ነው።

ለዛሬ ማታ

ስድስት ጥያቄ ልስጣችሁ። መጀመሪያ ተኩ። ዜሮውን ያመጣውን ፈልጉ። እያንዳንዱን ለውጥ በየራሱ መስመር ጻፉ።

1) ሊም (ቀ→2) (ቀ² + 3ቀ − 10)/(ቀ − 2)

2) ሊም (ቀ→16) (ቀ − 16)/(√ቀ − 4)

3) ሊም (ቀ→1) [1/(ቀ + 2) − 1/3]/(ቀ − 1)

4) ሊም (ቀ→5) (ቀ² − 5ቀ)/(ቀ + 5)

5) ሊም (ሀ→0) [(3 + ሀ)³ − 27]/ሀ

6) ሊም (ቀ→3) (√(ቀ + 1) − 2)/(ቀ² − 9)

መልሶቹ በቅደም ተከተል 7፣ 8፣ −1/9፣ 0፣ 27 እና 1/24 ናቸው። ሁለተኛው ላይ ኮንጁጌት ሳትጠቀሙም መውጣት ትችላላችሁ፤ ቀ − 16ን (√ቀ − 4)(√ቀ + 4) ብላችሁ ጻፉት። ሦስተኛው ላይ 1/9 ካገኛችሁ ያቺ −1 አምልጣችኋለች። አራተኛው ላይ ፋክተር ማድረግ የጀመራችሁ ካላችሁ፣ ሳትተኩ ነው የጀመራችሁት። ስድስተኛው ላይ 1/4 ላይ ከቆማችሁ ቀ² − 9 ውስጥ ያለውን ቀ + 3 ረስታችሁታል፤ እሱም 6 ይዞ ታች መቀመጥ አለበት።